የአርባ አንድ ቁጥር ተራ

እንግሊዝ አገር፣ ክራግሊ ከተማ ውስጥ ታክሲ የነዳ ሁሉ የኩልሱምን ድምፅ ያውቃል፤ ፊቷን የሚያውቀው ግን ግማሹም አይሆን። ወፍራም ድምፅ ነው፤ ክረምት ከበጋ ጉንፋን የያዛት ይመስላል። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከዓሣ ጥብስ ቤቱ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ መገናኛዋን ታቅፋ መቶ ያህል ሹፌር ታሰማራ ነበር። ልብሷ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ እሷ ለምዳዋለች፣ እኛም ለምደነዋል። ስሟን በክፉ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ያን ክፉ ክረምት ግን የሹፌሩ ወሬ ሁሉ እሷ ሆነች።

ወደዚያ ክፍል ያመጣት የባሏ ሞት ነው። ጉልፍራዝ የዚያው ታክሲ ቤት ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች። አላህ ይዘንለት፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ልጃቸው ታይሙር ያኔ ገና የትምህርት ቤት ቦርሳ ተሸካሚ ነው። የታክሲ ቤቱ ባለቤት ሃጂ ከራማት፣ ለቅሶው ሲበተን ጠርተዋት፦

«ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ ስታዪ አትኖሪም። ነይና ስምሪቱን ያዢልኝ» አሏት።

እሷም የልጇን እጅ ይዛ እጃቸው ላይ አኖረችና «ሃጂ ሳሂብ፣ ጌታዬ፣ ይህን ልጅ አደራ። ከእንግዲህ አባቱ እርስዎ ነዎት» አለች። ለቅሶ ቤት ይህን የማትል መበለት የት አለች? ኩልሱምም ተናግራ ረሳችው። ሃጂ ግን የሚረሱ ሰው አይደሉም።

የመጀመሪያው ቀን መከራ ነበር። ሴት፣ ያውም የእኛው ሰፈር ሴት፣ ከመቶ ወንድ ጋር ቀኑን ሙሉ በሬዲዮ ልታወራ! ሰፈሩ አፉን ከፈተ። ሹፌሮቹ ደግሞ ጭራሽ ዝም አሏት። «ጣቢያ ቀጠና ማን አለ?» ትላለች፤ ሬዲዮው ሺሺሺ ይላል። ደግማ ትጠራለች፤ ሺሺሺ። ስልኩ ይጮኻል፣ ተሳፋሪው ዝናብ ላይ ቆሞ ይሳደባል፣ መኪኖቹ በየጥጋቸው ተገትረዋል። እንባዋ ዓይኗ ላይ ደርሶ ሳለ አንድ ሻካራ ድምፅ ገባ።

«አስራ ሰባት ነኝ፣ ገበያው ጋ። ስንተኛ ነኝ፣ ባጂ?»

ባጂ እኛ በአገር ቤት ቋንቋችን ታላቅ እህትን የምንጠራበት ነው። ተናጋሪው ቻቻ ፈዘል ነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ከሽመና ወደ ታክሲ የዞረ፣ በዕድሜ ከእሷ ብዙ የሚበልጥ፣ ወጣት ሽማግሌው ቻቻ፣ አጎቴ፣ የሚለው ሰው። እሱ ታላቅ እህቴ ካላት ማን ደፍሮ ይከራከር! ማታ ላይ መቶው ሹፌር «ባጂ፣ ባጂ» ይል ጀመር። ኩልሱም ያችን ቀን አልረሳችለትም።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ከተማው በቀጠና ተከፍሏል፤ ጣቢያ፣ ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ላይኛው ሰፈር። ሹፌሩ ቀጠናው ሲገባ ቁጥሩን ይጠራል፣ እሷ ስንተኛ እንደሆነ ትነግረዋለች፣ ሥራ ሲመጣ ለአንደኛው ትሰጣለች። ያ ሁሉ በአየር ላይ ነው። መቶው ሰው መቶውን ይሰማል፤ ማን አውሮፕላን ማረፊያ እንደደረሰው፣ ማን ደግሞ ከገበያ አዳራሹ እስከ ቀጣዩ መንገድ ለመሄድ አስራ ሁለት ፌስታል የሚያስጭኑትን አሮጊት እንዳገኘ። አንዱ በሐምሌ አንድ ካርቶን ማንጎ ይዞላት መጣ፤ ከአገር ቤት የመጣ፣ ሽታው ራሱ የሚያሰክር። አመስግና ተቀበለች፣ ከጎረቤት ጋር ተካፍላ በላች፣ ከሰዓት በኋላ ለዚያው ሰውዬ ሦስት ድመት ይዛ ወደ ሐኪም የምትሄድ ሴትዮ ሰጠችው። ተራው ነበራ!

ታይሙር አድጎ የማዘጋጃ ቤቱን ፈተና አልፎ የታክሲ ነጂነት ባጁን አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥል፣ አርባ አንድ ቁጥር ተሰጠው። የመጀመሪያው ቀን ሬዲዮውን ተጭኖ «እማ፣ ሆስፒታል ደርሻለሁ» አይል መሰላችሁ! ከተማው በሳቅ ፈረሰ። «እማዬ ጡጦዬን!» የሚለው፣ «እማ፣ ሃያ ስምንት መታኝ!» የሚለው፣ መዓት ነው። ኩልሱም ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና በዚያ ወፍራም ድምፅዋ፦

«እዚህ እማ የሚባል የለም። ቁጥርህንና ቀጠናህን ተናገር» አለችው።

«አርባ አንድ፣ ሆስፒታል።»

«አርባ አንድ፣ ሆስፒታል፣ ስድስተኛ ነህ።»

ቤት ሲገባ ሳህኑ እስኪሞላ ጨመረችለት። ሥራ ላይ ግን ስድስተኛ ማለት ስድስተኛ ነው። ልጁ ትንሽ ቅር ቢለውም፣ ሹፌሮቹ ያን ቀን ኮሩባት።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ለየመኪናው ትንሽ ስክሪን ተገጠመ፤ ሥራው ዝም ብሎ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፣ ሹፌሩ ይጫናል፣ ይሄዳል። ዋናውን ኮምፒዩተር ሃጂ ጓዳ ቢሯቸው ውስጥ አስቀመጡት። «ማሽን ዘመድ የለው፣ አያዳላ፤ አንቺም ጉሮሮሽ ይረፍ» አሏት። እውነት መሰላት። ስልክ መቀበልና አድራሻ መጻፍ ብቻ ቀራት፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ለማን እንደሚሄድ አታይም። የመኪኖቹ ሬዲዮ ለአደጋ ጊዜ ይሁን ተብሎ አልተነቀለም፤ የእሷም አሮጌ ሬዲዮ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጥልፍ ጨርቅ አለበሰችው፤ በየማለዳው አቧራውን ትጠርጋለች።

ከተማውን ዝምታ ዋጠው። ማን ምን እንደደረሰው የሚያውቅ ጠፋ። ሹፌር ደግሞ ካልሰማ ይጠረጥራል፤ መኪና ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሌላ ምን ይሥራ? በበቀልም በቅንዓትም አይደለም፣ ዓይናቸው ያየውን አዩ፤ ታይሙር በሳምንት ሦስት ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ሲመለስ። አዲስ መኪና በብድር ሲያወጣ። ለፀደይ ሠርግ ሲሰናዳ። ስምሪት የያዘ ሰው ለወደደው ሰው ደህና ደህናውን ሥራ ያለ ተራው ሲሰጥ ሹፌሮች «ማጉረስ» ይሉታል። ማን አጎረሰው? ኧረ ማን ትሆናለች! ስልኩ ጋ የተቀመጠችው እናቱ አይደለችም?

ኩልሱም ዓርብ ዓርብ ሳምቡሳ ጠብሳ መጥታ መስኮቱ ላይ ታኖርላቸው ነበር። ሹፌሮቹ ከጁምዓ ሲመለሱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወጥተው በደቂቃ ያራግፉታል። አንድ ዓርብ ሳህኑ እንደሞላ ዋለ። ቃሪያ በዝቶበት ይሆናል አለች። በሚቀጥለው ዓርብ ቃሪያውን ቀነሰች፤ አሁንም እንደሞላ ዋለ። በሦስተኛው አንድ ወጣት ሹፌር ቁልፍ ሊመልስ መጥቶ ስትጋብዘው ዓይኗን ሳያይ «ልጅሽን አጉርሺው፣ ባጂ፤ እሱ ለምዷል» ብሎ ወረደ። ሳምቡሳው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ምን ማለቱ እንደሆነ እንኳ ያኔ አልገባትም።

የገባት ትሬሲ ስትደውል ነው። ትሬሲ ላይኛው ሰፈር የምትኖር የእንግሊዝ ሴት ናት፤ ሆሊ የምትባል የማትናገር ልጅ አለቻት። ልጅቷን ወደ ልዩ ትምህርት ቤቷ የሚያመላልሳት ታክሲ ነው፤ ኮንትራቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ሹፌሩም ማንነቱ ተጣርቶ በስሙ የተፈቀደለት መሆን አለበት። ከልጅነቷ ጀምሮ ያመላለሳት ቻቻ ፈዘል ነበር። ሁልጊዜ ትንሽ ቀደም ብሎ ይወጣና የባቡር ድልድዩ ሥር ያቆማል። ባቡሩ ከላያቸው ድልድዩን እያንቀጠቀጠ ሲያልፍ ሆሊ በሁለት እጇ መስታወቱን ትደበድባለች፣ ትስቃለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰላም ናት። ይህን ያስተማረው የለም፤ አንድ ቀን መብራት አስቁሟቸው ሲያያት ነው የገባው።

«ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጮኽ ነው የምትሄደው» አለች ትሬሲ። «ፊቷን ትቧጭራለች። ሚስተር ፈዘል የት ሄደ? ማዘጋጃ ቤቱን ብጠይቅ በገዛ ፈቃዱ ተወ አሉኝ። ሳይሰናበታት? እሱ? አላምንም። አቤቱታ አስገብቻለሁ።»

«አሁን የሚወስዳት ማነው?» አለች ኩልሱም።

«ደህና ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ባቡሩን አያውቅም። ታይሙር ነው የሚባለው።»

ኩልሱም ስልኩን አስቀመጠች። የዚያን ቀን ከሥራ እንደወጣች ቤቷ አልገባችም፤ ቀጥ ብላ ቻቻ ፈዘል ቤት ሄደች። በሩን ከፍቶ ሲያያት ደነገጠ፣ ወዲያው ደግሞ «ግቢ፣ ግቢ፣ ዝናቡ» አለ።

«ቻቻ፣ ሆሊን ራስህ ነህ የተውካት?»

ሽማግሌው ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሱ ያማስላል።

«ሃጂ ጠርተው ደክመሃል፣ ለወጣት እንስጥ አሉኝ። ለማን ብዬ ጠየቅኩ። ሲነግሩኝ... እንግዲህ ለልጅሽ ከሆነ ብዬ ዝም አልኩ። የጠየቅሽው አንቺ መሰልሽኝ። ጉልፍራዝ ወንድሜ ነበር፣ ባጂ። ልጁ ሠርግ አለበት። እኔ ምን ቀረኝ?»

«እኔ ጠየቅኩ? እኔ?»

«አልጠየቅሽም እንዴ?» አለ፤ ፊቱ ላይ መጀመሪያ ግርምት፣ ከዚያ ደስታ፣ ከዚያ ደግሞ እፍረት ተፈራረቁበት። ኩልሱም አለቀሰች። ከሰደባት ሰው ይልቅ ይቅር ብሎ ዝም ያላት ሰው አንጀቷን በላው።

ማታ ታይሙር ምስሩን በሮቲ ቂጣ እየጠቀለለ ሲበላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«የቻቻን ሥራ ምን ብለህ ተቀበልክ?»

ልጁ ሌላ ሮቲ ቆረሰ። «ስሜ ማዘጋጃ ቤት ጸድቆ ስክሪኑ ላይ መጣ፣ ተጫንኩ። ማን ይጠላል?»

«አውሮፕላን ማረፊያውስ? በሳምንት ሦስት ጊዜ ዕድል ነው?»

«እማ፣ አሁን ምን አስመሰለሽ?» አለ ሳህኑን ገፍቶ። «አንቺው አይደለሽም እንዴ? እኔማ እናቴ በመጨረሻ አንድ ቀን እንኳ አሰበችልኝ ብዬ... አላመሰገንኩሽም እንጂ በልቤ ስንቴ መሰለሽ ያመሰገንኩሽ!»

ኩልሱም ሳህኑን አነሳች። ሹፌሩ ሁሉ ቢጠረጥራት ይሁን፤ ከጉያዋ የወጣው ልጅ እንኳ ሌባ ናት ብሎ አምኖ፣ ያውም ደስ ብሎት ኖሯል። ሌሊቱን ስትገላበጥ ያሳደራት ይኼ ነው።

ጠዋት ገባች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ጥልፉን ጨርቅ ከሬዲዮው ላይ ገፈፈች፣ ሶኬቱን ሰካች፣ ተጫነችው።

«ሁሉም መኪና፣ ሁሉም መኪና። ባጂ ነኝ። ያላችሁበትን ቀጠና እንደ ድሮው ጥሩ፤ ስንተኛ እንደሆናችሁ እነግራችኋለሁ።»

ሺሺሺ። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ከዚያ ያው ሻካራ ድምፅ፦

«አስራ ሰባት፣ ገበያ። ስንተኛ ነኝ፣ ባጂ?»

«አስራ ሰባት፣ ገበያ፣ አንደኛ ነህ፣ ቻቻ።»

ሃያ ሦስት ከጣቢያ ጠራ። ሃያ ስምንት ጠራ። አንዱ ሲጠራ ሌላው እየተከተለ መስመሩ ተጨናነቀ። ስልኩ ጮኸ፤ ከጣቢያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄዱ ባልና ሚስት ናቸው። አድራሻውን ማሽኑ ውስጥ ጻፈች፣ ሬዲዮውንም ተጫነች።

«ከጣቢያ አውሮፕላን ማረፊያ። አንደኛ ሃያ ሦስት ነው። ማሽኑ ለማን ሰጠ? የደረሰው ይናገር።»

ቆይቶ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ «አርባ አንድ። ለእኔ መጣ።»

«አርባ አንድ የት ነህ?»

«ጣቢያ።»

«አርባ አንድ፣ ጣቢያ፣ ስድስተኛ ነህ። ሥራው የሃያ ሦስት ነው።»

«እማ፣ ምን እያደረግሽኝ ነው? ሰው ሁሉ ይሰማል እኮ!»

«እንዲሰማ ነው። እዚህ እማ የሚባል የለም።»

አንድም ሰው አልሳቀም። አርባ አንድ ሬዲዮውን ዘጋ፤ ጠፋ።

ሃጂ ከራማት ቤታቸው ባለው ሬዲዮ ሰምተው ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ የታክሲ ቤቱን ደረጃ እያለከለኩ ወጡ። «ዝጊው! ዝጊው አልኩሽ! ከተማው ፊት ልታዋርጂኝ?»

«ታይሙርን የሚያጎርሱት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ይሁን?» አሉ፤ ደግሞ የሚያሳዝነው፣ ከልባቸው ነው የገረማቸው። «አደራ አላልሽኝም? ለቅሶው ሲበተን፣ እጁን እጄ ላይ አኑረሽ፣ አባቱ እርስዎ ነዎት አላልሽም? እኔ የሟች አደራ የምበላ ሰው ነኝ? ልጁ ለአቅመ ሠርግ ሲደርስ እንደ አባት ላድርግለት ብዬ ነው። ምስጋናው ይኼ ነው?»

ኩልሱም ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ለካስ የራሷ አፍ ነው! ያን ጊዜ ለቅሶው ሲበተን የወጣች ቃል፣ እሷ የረሳቻት፣ እኚህ ሰውዬ ስንት ዓመት በደረታቸው ይዘዋት ኖረዋል። መናደድም ማልቀስም አማራት።

«ሃጂ ሳሂብ» አለች ቀስ ብላ፣ «አደራ ያልኩዎ እንዳይባልግብኝ ነው። ሲያጠፋ በጥፊ እንዲሉልኝ ነው። የቻቻ ፈዘልን እንጀራ ነጥቀው ያጉርሱልኝ ብዬ ለመንኩዎ? ለማዘጋጃ ቤቱስ ራሱ ተወ ብለው መዋሸትዎ የማን አደራ ነው?»

ሃጂ ፊታቸው ደም መሰለ። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀሉና «ተሰናብተሻል! ነገ እንዳላይሽ!» ብለው ጮኹ። ኩልሱም ባዶ የሳምቡሳ ሳህኗን ይዛ ወረደች። ታይሙር ማታ ወደ ቤት አልመጣም፤ ጓደኛው ጋ እንዳደረ በሰው ላከባት።

የታክሲ ቤቱ ፈቃድ እድሳት በዚያው ሳምንት ነበር። የትሬሲ አቤቱታ ስለገባ ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳዩን በስብሰባ ሊያይ ጠራ። ሹፌሮቹ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ሃጂ ያጥፉ አያጥፉ ሌላ ነገር ነው፤ ፈቃዳቸው ከተነጠቀ መቶ ቤት እሳት ያጣል። ቀኑ ሲደርስ ሃጂ ከጠበቃቸው ጋር ከፊት ተቀመጡ። ትሬሲ ሆሊን ይዛ መጣች፤ ልጅቷ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ቻቻ ፈዘል የሠርግ ኮቱን ለብሶ መጥቷል። ኩልሱም አጠገቡ ተቀመጠች፤ ማንም አልጠራትም፣ ራሷ ነች የመጣችው። ታይሙርም ተጠርቶ በሩ ጋ ቆሟል፤ እናቱን አላያትም።

ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች ቀጭን ሴትዮ ነበረች። «የልጅቷ ሹፌር ለምን ተለወጠ?» ብላ ጠየቀች። ጠበቃው ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ቻቻ ፈዘል ብድግ አለ።

«እኔው ነኝ የተውኩት» አለ። «አርጅቻለሁ። ሃጂ ምንም አላጠፉም።»

ትሬሲ አፏን ይዛ ቀረች። ጠበቃው ደስ ብሎት ወረቀቱን ሰበሰበ። ሽማግሌው መቶውን ቤት ላድን ብሎ፣ ከልጅቷ ፊት፣ በገዛ አፉ ራሱን ሊቀብር! የኩልሱም ደም ፈላ። ብድግ አለችና፣ ለማሰብም ጊዜ አልነበራትም፣ በዚያ ሬዲዮ ላይ በሚያውቁት ድምፅ፦

«አስራ ሰባት!» አለች።

ቻቻ ፈዘል ሳያውቀው «አቤት፣ ባጂ» አለ።

«ተቀመጥ። ተራው ያንተ አይደለም። ተራው የሃጂ ነው።»

ከኋላ የተቀመጡት ሹፌሮች ሳቅ አመለጣቸው፤ ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መታች። ሃጂ ግን አልሳቁም። ዞር ብለው መጀመሪያ ኩልሱምን፣ ከዚያ ኮቱ የሰፋበትን ሽማግሌ አዩ። የነጠቁት ሰው ቆሞ እየዋሸላቸው ነው። ጠበቃው እጅጌያቸውን ሲይዛቸው ነጥቀው ተነሱ።

«ይህ ሰው ውሸቱን ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ለዚያ በሩ ጋ ለቆመው ልጅ ልስጥ ብዬ። ራሱ ተወ ብዬ ለእናንተ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ማሽኑ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሥራ ያለ ተራው እንዲሰጠው ያደረግኩትም እኔ ነኝ። እናቱ አታውቅም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።» ይህን ብለው ተቀመጡ።

ሰብሳቢዋ ወደ በሩ አየች። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

ታይሙር ቆቡን ጠመዘዘ። «አልጠየቅኩም» አለ። «ደስ ብሎኝ ስለነበር አልጠየቅኩም።»

ወጥተው ተመካክረው ተመለሱ። ፈቃዱ አልተነጠቀም፤ ግን ለአንድ ዓመት ብቻ ታደሰ፣ ከባድ ማስጠንቀቂያም ተጻፈባቸው። ከዚህ በኋላ ማሽን ቢኖርም ተራው ሁሉም ሹፌር እንዲሰማው በሬዲዮ ይጠራል። የተማሪ ሹፌርም፣ ራሱ ሹፌሩና የልጁ ቤተሰብ ፊት ለፊት ሳይጠየቁ አይለወጥም። ሆሊንም የሚወስዳት እንደገና ቻቻ ፈዘል ሆነ። ታይሙርንም ሰብሳቢዋ ሁለተኛ እንዳይደግመው አስጠነቀቀችው። ሆሊ ይህ ሁሉ ግድ አልሰጣትም፤ ሰው ሲነሳ ሄዳ የቻቻ ፈዘልን ኮት በሁለት እጇ መደብደብ ጀመረች፣ ልክ እንደ መኪናው መስታወት። ሽማግሌው ቆሞ ተደበደበላት፤ ፊቱ በእንባ ርሷል፣ ይስቃል።

ውጪ ደረጃው ላይ ሃጂ ኩልሱምን ጠበቋት። መሬት መሬቱን እያዩ፦

«ነገ ትገቢያለሽ?» አሏት።

«ለምን አልገባም?»

«ተሰናብተሻል ብዬሽ ነበር።»

«አልሰማሁም፤ ሬዲዮው ተነቅሎ ነበር» አለች። ሃጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ኩልሱም ሳምቡሳውን መስኮቱ ላይ አኖረች፣ ጥልፉን ጨርቅ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ ሬዲዮውን ከፈተች። ቁጥሮቹ መግባት ጀመሩ። አስራ ሰባት ጠርቶ «የባቡር ድልድይ፤ ከወይዘሪት ሆሊ ጋር ነን፣ ባቡሩ ዘግይቷል» አለ፤ ሃያ ስምንት «ሰላም በይልኝ» አለ። እሷ ትመልሳለች፣ ትስቃለች፣ ጆሮዋ ግን ያለው አንድ ቁጥር ላይ ነው። ልጇ አሁንም ቤት አልመጣም። ትናንት ከስብሰባው ሲወጣም አልጠበቃትም። ከወንዙ ማዶ ያለ ሌላ ታክሲ ቤት ሹፌር ይፈልጋል ሲባል ሰምታለች፤ እዚያ ቢገባ ደግሞ ማን ይፈርድበታል? አዋርዳዋለች፣ በከተማው ሁሉ ጆሮ። ትክክል እንደነበረች ታውቃለች፤ ማወቋ ግን እንቅልፍ አልሰጣትም።

ዝናቡ ጠነከረ፣ ስልኩ በዛ። ከሰዓት በኋላ ሹፌሮቹ ከጁምዓ ተመልሰው ደረጃው በእግር ኮቴ ተሞላ፤ ሳህኑ ላይ እጅ በእጅ ሲደራረብ ሬዲዮው ተንጫጫ።

«አርባ አንድ።»

ሳምቡሳ የያዙት እጆች ቆሙ። ኩልሱም መጫኛውን ያዘች።

«አርባ አንድ፣ ቀጥል።»

«አርባ አንድ፣ ሆስፒታል። ስንተኛ ነኝ...» አለና ቆመ። ሺሺሺ። «ስንተኛ ነኝ፣ ባጂ?»

ሹፌሮቹ ሳህኑን ትተው ፊቷን አዩ። ከዚያ በፊት በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም።

«አርባ አንድ፣ ሆስፒታል» አለች፤ ድምፅዋ ከወትሮው ይልቅ ወፈረ። «ሰባተኛ ነህ።»

«ሰባተኛ ነኝ። እጠብቃለሁ።»

በልተሃል ወይ ልትለው ነበር። ማታ ትመጣለህ ወይ፣ ካልሲህ አልራሰም ወይ፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ከኋላው ስምንተኛ የሚሆነው እየጠራ ስለነበር ጣቷን አንስታ መስመሩን ለቀቀችለት።